ቅሪት

ሃያ ስድስት ዓመት ሲሚንቶ ነፍቻለሁ፤
ነጭ ጋወን ለብሼ፣ ግራጫ ወጥቻለሁ።
መቶ ግራም ልኬ፣ ወንፊቱን ነቅንቄ፣
ከላይ የቀረውን ቅሪቱን አውቄ፣
ከመቶ ዐሥር ካለፈ፣ «ወፍጮው ይታይ!» ብዬ
ፈርሜ ሰጥቻለሁ ለፈረቃ አለቃዬ።
ቅሪቱን?
በመስኮት።
ማን ዞሮ ያየዋል፣ ማን በስም ይጠራል፤
ከወንፊት የቀረ ከጉድፍ ይቆጠራል።

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ያንኑ ወንፊቴን
በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝ ሽልማቴን።
አለቀስኩ፣ ሳምኳቸው፣ ቤቴ ይዤው ገባሁ፤
ከምግብ ጋራ ግን ከቶም አላጋባሁ።
ሲሚንቶ አንድ ጊዜ ውሃ ከቀመሰ
ከሽቦው ጥልፍ መሃል ሥር ሰዶ ነገሠ።
እኔም ወንፊት ነበርኩ፦ ያለፈው አለፈ፤
ያላለፈው ብናኝ ደረቴ ላይ ዐረፈ፤
ሌሊት ያስለኛል።

ዘንድሮ ዘውገ ታመመ።
ዘውገ የምድር ባቡሩ፣ ያ ብረት በያጁ፣
ከዚራ ላይ ሲስቅ ቀፊራ የሚሰማው ወዳጁ፣
ግማሽ ፊቱ ከዳው፤ ጉሮሮው ሰነፈ፤
ውሃ ሳይቀር ያንቀዋል ቀጥኖ ከጎረፈ።
«ወፈር ያለ፣ የላመ» አለች ሐኪሟ፤ «ጓል አይኑርበት፤
አጥሚትም ይሁን አብሽ፣ ገለባ አይግባበት።»
ጎረቤቶቼ «ዐይኑ የጠበቀ ወንፊት ግዢ» አሉኝ።
የጠበቀ ማለት ስንት ነው?
እኔ በቁጥር ነው የኖርኩት። ማይክሮኑን ንገሩኝ።

በዘጠኝ ሰዓት ሐሩር፣ ታይዋን ገበያ፣
ሮብሌ፣ አንድ ጉንጩ በጫት የተወጠረ፣
ከብርድ ልብስ ክምር ሥር ሦስት ወንፊት ቆፈረ።
«ከጅቡቲ የገቡ፣ የላብራቶሪ ናቸው፤
አቦ እናቴ፣ ወርቅ ሊነጠር ነው፣ ምን ልታደርጊያቸው?»

አንደኛው ነሐስ ነው፤ ያብለጨልጫል፣ ያምራል።
አሸተትኩት። ማን ቤት፣ ምን ሲነፋ ኖሯል?
ቀለም ነው? ማዕድን? የአይጥ መርዝ? ዝም አለኝ።
ዝም ያለ ዕቃ ወጥ ቤቴ አይገባም።

ሁለተኛው አዲስ። ግን ክፈፍና ጥልፉ
በሙጫ ነው የተያያዙት፤ ጥፍሬን ሰደድኩ፣ ገባ።
ጥፍር የገባበት ዱቄትም ይገባል፤
ዱቄት ያደረበት ነቀዝ ይወለዳል።

ሦስተኛው የማይዝግ ብረት፣ ቁጥሩ ጎኑ ላይ የተቀረጸ።
ወደ ላይ አነሳሁት። የድሬ ፀሐይ አይዋሽም፤
ጥላው መዳፌ ላይ እንደ ጭስ ተነጠፈ፤
ከዚያ ሁሉ ክር ውስጥ አንድም አልዛነፈ።
በጣቴ ነካሁት፤ እንደ ከበሮ መለሰልኝ።
ዋጋውን ነገረኝ። ዝም ብዬ ቆየሁ።
«በዚህ ብር እኮ ፍየል ይገዛል» አለ ራሱ፣ አዝኖልኝ።
«ፍየል አይነፋም» አልኩት።

ማታ አብሹ ወረደ፤ ድምፅ የለው፣ ክብደት የለው፤
እፍ ሳልል ይነሣል፣ ትንፋሼ ነው የሚያምሰው።
ዘውገ በላ። አላነቀው።
ሰማይ የነካሁ መሰለኝ።
በሦስተኛው ቀን ግን ማንኪያውን አስቀመጠ፤
በሚታዘዝለት ግማሽ አፉ ቃሉን አማጠ፦
«ላመ… ጣመ ግን… የታል?»

የላመ የጣመ ይሉ የነበሩ
ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አብረው የሚጠሩ
ለካ አንዱ ካንዱ ጋር እንደሚጣላ አውቀው ኖሯል።

ወንፊቱን አየሁት። ከላይ የቀረው ቡናማ፣ ሻካራ፣
መራራ ሽታው ቤቱን የሞላ።
እጄ ልማዱ ነው፤ በሽንኩርት ሚዛን መዘንኩት፦
ከመቶ ሃያ ሁለት።
ፋብሪካ ቢሆን ወፍጮ ያስቆማል።
መስኮቱ ክፍት ነበር።

አልጣልኩም። በሻሽ ቁራጭ ቋጠርኩት፤
ከድስቱ ውሃ ውስጥ እንደ ክታብ አንጠለጠልኩት፤
ውሃው ቀላ፣ መረር አለ፣ ሸተተ፤
በዚያ ውሃ የላመውን አማሰልኩ፤ ተገናኙ።

ዘውገ ቀመሰ፤ ቆየ፤ ደግሞ ቀመሰ።
ግማሽ ፊቱ ሳቀ። ቀፊራ አልሰማም፤
እኔ ሰማሁ።

ሌሊት ሳሌ ሲቀሰቅሰኝ የድሮ ደብተሬን አወጣሁ፦
ናሙና፦ አብሽ።
ቅሪት፦ ሃያ ሁለት ከመቶ።
ውሳኔ፦ ይቀቀል።
ፈረምኩበት።